የተቀመጠው ቤት

አጎትየው ዊልቸሩ ላይ ተንፈላሰው ሻይ ይጠጣሉ።

ሰዓት ሠሪው ይህን ያየው ፍራሹ ላይ ሆኖ፣ ወለል ብሎ በተከፈተው የሳሎን በር በኩል ነው። ዊልቸሩ ግቢው ውስጥ፣ ለለቀስተኛው ከተዘረጋው ሸራ ጥግ ቆሟል። አጎትየው ግዙፍ ሰው ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የከባድ መኪና ሹፌር ስለነበሩ አንዴ የተመቻቸ መቀመጫ ካገኙ በቀላሉ አይለቁም። በአንድ እጃቸው ብርጭቆውን ይዘው በሌላው ጎማውን ወደፊት ትንሽ፣ ወደኋላ ትንሽ ያደርጉታል። ሕፃን የሚያባብሉ ይመስላሉ።

«ወንበር አልበቃ ብሎ እኮ ነው» አለችው የወንድሙ ሚስት፣ ዓይኑ የት እንዳረፈ አይታ። «አንተ እንደሆን አሁን አትፈልገውም።»

«እፈልገዋለሁ እንጂ፣ እትዬ።»

«የት ልትሄድበት? ቤትህ ነህ።»

ሐዘንተኛ ከፍ ብሎ አይቀመጥም ተብሏል። ከእናቱ ቀብር እንደተመለሱ ታላቅ ወንድሙ በብብቱ፣ አጎትየው በጉልበቶቹ በኩል ይዘው ከዊልቸሩ አነሱና ግድግዳ አስደግፈው ፍራሹ ላይ አኖሩት። ፈልጎ እንደሆነ የጠየቀው የለም። ደግ ሰው ሲቸኩል አይጠይቅም። ፍራሹ ስስ ነው፤ ከሥሩ ሲሚንቶ ነው። እሱ ግን ከወገቡ በታች የወለሉን ቅዝቃዜም ሆነ ጥንካሬ አያውቀውም። የሚያውቀው በመዳፉ ነው።

መዳፎቹን ከግራና ከቀኝ ተክሎ ክንዱን አቀናና ገላውን ከፍራሹ ትንሽ ከፍ አደረገ። ይህን የሚያደርገው ከጣሪያ ላይ ወድቆ ኅብለ ሰረሰሩ ከተጎዳ ጀምሮ ነው። ሌላው ሰው መቀመጫው ሲደክመው ሳያስበው ይገላበጣል። ለእሱ የሚነግረው ሕመም የለም፤ ጠላቱም ይኸው አለማመሙ ነው። በየመሐሉ እንዲህ ከፍ እያለ ሥጋውን ካላስተነፈሰ፣ ሥጋው ደም ያጣል፣ ይቀላል፣ ቀስ ብሎም ይቆስላል። ቁስሉ ደግሞ ከመጣ በጋውን ጨርሶ ክረምቱንም የሚጠይቅ እንግዳ ነው።

«ኧረ በእግዜር! ኧረ አትነሳ!»

የገቡት ባልና ሚስት ናቸው፤ የመንገዱ ማዶ ባለሱቅና ሚስቱ። ባለሱቁ በሁለት እጁ ትከሻውን ተጭኖ መልሶ አስቀመጠው። «በዚህ ሁኔታህ ላይ ለኛ ትነሳለህ? በስማም!»

«አይ፣ እኔ እንኳ…»

«ተቀመጥ ወንድሜ፤ አክብሮትህ ደርሶናል። እግዜር ያጥናህ።»

ተቀመጡ። ጥጉን ይዛ የተቀመጠችው፣ ሰፈሩ በሌለችበት «ሬዲዮ» የሚላት ጎረቤት፣ ወደ ባለሱቁ ሚስት ጆሮ ጠጋ አለች። ሹክሹክታዋ እስከ በሩ ይሰማል። «አየሽ ያስተማረችውን? እግር ባይኖረው ሥርዓት አለው። ገና ሰው ሲገባ ሊነሳ ይታገላል፤ አንጀት ይበላል።»

ቀጥሎ የገቡትም እንዲሁ አሉ። ከዚያ ወዲያ የመጡትም። ክንዱን ባቀና ቁጥር ቤቱ በሙሉ «በእግዜር!» ይላል፣ አንዱ ትከሻውን ይጫናል፣ አንዷ እንባዋን ትጠርጋለች። ሁለት ሦስቴ ሊያስረዳ ሞከረ። ግን ለሐዘን ለመጣ ሽማግሌ «ለርስዎ ሳይሆን ለቂጤ ብዬ ነው» እንዴት ይባላል? አፈረ። እየቆየ ሰው እስኪወጣ መጠበቅ ጀመረ። ለቅሶ ቤት ደግሞ ሰው ወጥቶ አያልቅም።

ከወጥ ቤት የሳህን ኳኳታና እሮሮ ይሰማል።

«ወገቤ ተቆረጠ እናንተ! ለድንክ ነው እንዴ የተሠራው ይሄ ወጥ ቤት?»

«ምድጃው ጉልበቴ ላይ፣ መደርደሪያው እምብርቴ ላይ!»

«አንቺ እንኳን ታድለሽ፤ ከመጀመሪያው ቅርብ ነሽ ለመሬት።»

ሳቅ ሆነና ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ሲላቸው ተዋጠ። የሬዲዮ ድምፅ ተከተለ። «ያቺ መለሎ እንዴት አድርጋ እዚህ ስታበስል ኖረች? አይ እናት! ለልጇ ብላ ጎብጣ ኖረች።»

ሰዓት ሠሪው ከፍራሹ ላይ ሆኖ መደርደሪያውን አሰበ።

ያኔ እግር ነበረው። የሰፈሩን አንቴና በሙሉ የሚተክለው እሱ ነበር። የዚያን ቀን ኳስ ነበረ። ወንድሙ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጦ ወደ ጣሪያው ይጮኻል። «ትንሽ ወደ ግራ! አሁንም ትንሽ!» ከዚያ «መጣ! መጣ! እንዳትነካው!» የሚል የደስታ ድምፅ ተሰማ። ከጣሪያው ግን መልስ አልመጣም። ወንድሙ ከዚያ ወዲህ ኳስ አይቶ አያውቅም። ስለዚያ ቀንም ሁለቱ አንድም ቃል ተነጋግረው አያውቁም።

ከሆስፒታል ሲመለስ ቤቱ ባዕድ ሆኖ ጠበቀው። ብርጭቆው ከላይ፣ ስኳሩ ከላይ፣ የመብራቱ ማብሪያ ከላይ። ነገር ሁሉ እሱን ታች ጥሎ ወደ ላይ ያረገ ይመስላል። «እማዬ፣ ውሃ» ይላል፤ ታመጣለታለች። «እማዬ፣ ፎጣ» ይላል፤ ታመጣለታለች። እናቱ ልብስ ሰፊ ነበረች። የስፌት መኪናዋን በቀን ስንት ጊዜ አቁማ እንደምትነሳ ይሰማል። ያፍራል። ካፈረም በኋላ ይጠማዋል።

አንድ ጠዋት አናጢ ጠራች። የጠረጴዛውን እግር አስቆረጠች፣ መደርደሪያውን አስነቀለችና ዝቅ አድርጋ አስመታች፣ ምድጃውን አስወረደች፣ ደፉ ላይ የነበረችውን ደረጃ አስፈርሳ በሲሚንቶ ተዳፋት አስደረገች። አናጢው መጋዙን ይዞ ግራ ገባው።

«እማማ፣ ደኅናውን ዕቃ ሁሉ አስቆርጠው ጨረሱት። ምን ሆነው ነው?»

«ልጄ መነሳት ካልቻለ ቤቱ ይቀመጥ» አለችው።

በማግስቱ «እማዬ፣ ውሃ» ሲላት እግሯን ከመኪናው መርገጫ አላነሳችም። «ቤቱ ተቀምጦልሃል። ሂድና ቅዳ።»

ያን ቀን እናቱን ጠላት። ውሃውን ሲቀዳ እያለቀሰ ነበር፤ ግማሹን ጉልበቱ ላይ ደፋው። እሷም አይታ ስፌቷን ቀጠለች። ማታ ግን ከወፍራም ሸራ ሽርጥ ስትሰፋለት አመሸች፤ ውሃው ቀዝቃዛ በመሆኑ አመስግና፣ ነገ ፍል ነገር ቢሆንስ፣ ጭኑ መቃጠሉን በምን ያውቃል ብላ። ምግብ ማብሰል የተማረው በዚያ ሽርጥ ነው።

ሰዓት መጠገን የጀመረውም ያኔ ነው። እሱ በመስኮቱ በኩል፣ እሷ በበሩ በኩል፣ አንድ ክፍል ውስጥ ይሠራሉ። ሰዓት ፈትቶ ሲያጎነብስ ራሱን ማንሳት ይረሳል። ስለዚህ ሕግ አወጣችለት። የመኪናዋ የታችኛው ክር ባለቀ ቁጥር «ክር!» ትላለች። እሱም መጀመሪያ ጎማዎቹን ተደግፎ ራሱን ያነሳል፣ እስኪበቃው ይቆያል፣ ከዚያ ክሩን አጠንጥኖ ያቀብላታል። ስንት ዓመት ሙሉ! «ክር!» ከተባለ ክንዱ ራሱ ይሰማል፤ እሱ ማሰብ አያስፈልገውም።

አሁን የስፌት መኪናው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ጥግ ተገፍቷል። ላዩ ላይ የእንግዳ ካፖርት ተከምሮበታል።

*

ከሰዓት በኋላ ሰው ሳሳ ሲል ወንድሙ መጥቶ ከፊቱ ቆመ። የዓይኖቹ ሥር ጠቁሯል። አጎትየውም ገብተው ወንበር ስበው ተቀመጡ። ዊልቸሩን ማለት ነው።

«ለቅሶው ሲያበቃ ወደኔ ቤት ትሄዳለህ» አለ ወንድሙ። «መኪና ተነጋግሬያለሁ። ቤቱን እናከራየዋለን።»

«ያንተ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ጋሼ።»

«ተሸክሜ አወጣሃለሁ።»

«መውረድ ስፈልግስ?»

«የት ልትሄድ?»

ይህን የተናገረው በክፋት አልነበረም። ከልቡ ግራ ገብቶት ነው የጠየቀው። ሰዓት ሠሪው ግን ፎቁ ታየው፤ ወደ ሰማይ የተሰቀሉት መደርደሪያዎች፣ ዊልቸሩን የማያሳልፈው የሽንት ቤት በር፣ አልጋው፣ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ውጭ ሌላ መስኮት።

«ደንበኞች አሉኝ። ሰዓት ያመጡልኛል።»

«እኔ እያለሁ ሥራ ምን ያደርግልሃል? እስካሁን እናታችን ነበረች፤ ታነሳሃለች፣ ታበላሃለች። አሁን ማን አለህ?»

«ወንድም ጋሻ ነው» አሉ አጎትየው። «እሺ በል እንጂ ልጄ። ጋራዥ ያጣ መኪና ዝናብ ነው የሚበላው።»

መልስ ነበረው። ምላሱ ላይ ነበር። አንዲት ቃል ብትወጣ ነገሩ ሁሉ ይገለበጥ ነበር። ግን በዚያው ቅጽበት የባለሱቁ ሚስት ከሴቶቹ መሐል የቀሚሷን ጠርዝ ገልብጣ ታሳያለች።

«እዩትማ ይቺን ስፌት! አምና ነው የሰፋችልኝ። በዚያ ዕድሜዋ ዓይኗ እንደ ንስር ነበር።»

«መነጽር እንኳ አድርጋ አታውቅም» አለች ሬዲዮ።

ሰዓት ሠሪው ጣቶቹን አየና ምላሱን ሰበሰበ።

እውነቱን ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። አንድ ቀን እናቱ ሰማያዊ ቀሚስ ላይ አረንጓዴ እጅጌ ገጠመች። ቀልድ መስሎት ሳቀ።

«ምን ያስቅሃል?»

«እጅጌው ነዋ!»

«እጅጌው ምን ሆነ?»

ሳቁን አቋረጠ። እሷም ገባት። ቀሚሱን ጭኗ ላይ አስተኝታ በእጇ ስትዳብሰው ቆየች። የዓይኗ ብርሃን ከጠርዝ ጀምሮ እየተበላ መምጣቱን ከዓመት በላይ ደብቃዋለች። ሐኪሙ የሄደው ብርሃን እንደማይመለስ ነግሯታል።

«ለማንም እንዳትናገር» አለችው። «ለማያይ ልብስ ሰፊ ማን ጨርቁን ይሰጣል?»

«ለጋሼስ?»

«እሱማ ከሰማ በዚያው ቀን ነው ሁለታችንንም እንደ ሻንጣ ጠቅልሎ ፎቁ ላይ የሚያወጣን። ማልልኝ።»

«እሺ፣ አልናገርም።»

«እናቴ ትሙት በል።»

«እንዴ! አንቺ ፊት ለፊቴ ተቀምጠሽ?»

«በል!»

«እናቴ ትሙት» አለ።

ከዚያ ወዲህ ቀኑ የሚጀምረው መርፌ በማስገባት ሆነ። በሰዓት አጉሊ መነጽሩ እያየ መርፌዎቹን ሁሉ ክር ያስገባል፤ ጥቁሩን በመርፌ መሰኪያ ትራሷ ቀኝ፣ ነጩን በግራ ይሰካላታል። ጨርቅ ሲመጣ ቀለሙን በሳል ይነግራታል፤ ደንበኛ ፊት ባንድ ሲስል ጥቁር፣ በሁለት ሲስል ሰማያዊ። ልክ ስትወስድ ሜትሩን በአውራ ጣቷ ቆንጥጣ ወደ እሱ ትዘረጋና «ጻፍ!» ትለዋለች። እሱ አንብቦ ይጽፋል። ደንበኞች ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። «ምስኪን፣ እንዳይከፋው ሥራ እየፈጠረች ታጫውተዋለች» ይላሉ። እናትና ልጅ ደንበኛው እስኪወጣ ይጠብቁና በሳቅ ይፈርሳሉ።

ጣቶቿ ግን አልታወሩም። ስፌቷ እስከ መጨረሻው ቀን ቀጥ ያለ ነበር። የባለሱቁ ሚስት የምትኮራበት ያ ጠርዝ በጣት የተሰፋ ነው።

አሁን እናቱ የለችም። የማለላት ሰው ስትሞት መሐላው የሚፈታ መስሎት ነበር። ይልቁንስ ይበልጥ ጠበቀበት።

*

በማግስቱ ጠዋት ጓዳው ወለል ላይ ሆኖ ገላውን ሲታጠብ ትንሿን የእጅ መስተዋት ከኋላው ይዞ አየ። የጅራት አጥንቱ አጠገብ ቀይ ምልክት አለ። በጣቱ ተጫነው። አልነጣም። ደሙ ተኝቷል ማለት ነው።

«ምንድን ነው?» ወንድሙ በሩ ላይ ቆሟል።

«ትንሽ ነው። ቶሎ ካስተኛሁት ይድናል።»

ወንድሙ ጠጋ ብሎ አየና ፊቱ ዐመድ ሆነ። «ይኸው! የእናቴ አፈር ሳይደርቅ ቆሰልክ! እሷ ብትኖር ይሄ ይደርስብህ ነበር?»

«አይደርስብኝም ነበር።»

«እኮ! ታዲያ ብቻዬን እኖራለሁ ትላለህ?»

«ፍራሹ ነው፣ ጋሼ። ስነሳ ‹በእግዜር› እያላችሁ አስቀመጣችሁኝ። ወንበሬን ስጠኝ።»

«ዛሬ ከዚህ ንቅንቅ አትልም። መኪናውን ለነገ አደርገዋለሁ» አለና ስልኩን እያወጣ ሄደ።

ሰዓት ሠሪው ወደ ሳሎን ተመለከተ። ሳሎን ለቀስተኛ ሞልቷል። በበሩ በኩል ዊልቸሩ ይታያል፤ አጎትየው በላዩ ሆነው፣ አገጫቸው ደረታቸው ላይ ወድቆ፣ እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

ልብሱን አስተካከለ። በሆዱ ተገለበጠ። በክርኖቹ መሳብ ጀመረ።

መጀመሪያ ያየችው ሬዲዮ ናት፤ በሕይወቷ አንዴ ድምፅ አጣች። እግሮች ተሰበሰቡ፣ ብርጭቆዎች ተነሱ። አንዱ «ያዙት እንጂ!» አለ። «አትያዙኝ» አለ ሰዓት ሠሪው፣ ቀና ሳይል። «መንገድ ብቻ ልቀቁልኝ።» ጫማዎቹን አልፎ፣ ምንጣፉን አልፎ፣ እናቱ በሲሚንቶ ያስደረገችውን ተዳፋት ወረደ። ሁለት እግሮቹ ከኋላው እንደ ተሳቢ ይከተላሉ።

«አባባ።»

አጎትየው ባነኑ። ግራ ቀኝ አዩ፤ ከዚያ ወደ ታች። «ወይ ጉድ! ልጄ! ማን ጣለህ?»

«ማንም አልጣለኝም። ይነሱልኝ፤ ወንበሬን ፈልጌ ነው።»

ተነሱ። ሻዩ ሱሪያቸው ላይ ፈሰሰ። ሊያነሱት እጃቸውን ሰደዱ። «እንዴት ላድርግህ? በብብትህ ልያዝህ?»

«እኔን ይተዉኝ። ፍሬኑ ላልቷል፤ ፍሬኑን ይያዙልኝ።»

«ፍሬን?» የአጎትየው ፊት ተለወጠ። ይህ የሚያውቁት ቋንቋ ነው። ያ ሁሉ ገላ በጉልበቱ ተንበረከከ፤ ሁለቱን ጎማዎች በሁለት እጃቸው አንቀው እንደ ጥንቱ ጮኹ። «ተይዟል! ና!»

ሰዓት ሠሪው ጀርባውን ለዊልቸሩ ሰጥቶ፣ አንዱን እጅ መቀመጫው ላይ፣ ሌላውን መሬት ላይ ተክሎ፣ ራሱን ወደ ጉልበቱ ደፍቶ ወገቡን ወረወረው። የመጀመሪያው ሳተ። ሁለተኛው ያዘ። ግቢው በሙሉ አብሮት ተነፈሰ።

«በርታ!» አሉ አጎትየው፣ ላባቸውን እየጠረጉ። «ይሄማ ዳገት ላይ ጎማ እንደ መቀየር ነው።»

መቀመጫው ላይ ብዙ ሊቆይ እንደማይገባ ያውቃል። ወደ አንድ ጎኑ ተደግፎ ቀጥታ ወደ ወጥ ቤት ነዳው። ከምስማሩ ላይ የሸራ ሽርጡን አወረደ። ሴቶቹ እንደጎበጡ ቀሩ።

«ምሳ እኔ እሠራለሁ» አላቸው። «ወገባችሁን አሳርፉ።»

ምስሩን ለቀመ፣ ሽንኩርቱን ከተፈ። እጁ ሳያይ ወደሚፈልገው ይሄዳል፤ ምድጃው ክርኑ ሥር ነው፣ ውሃው በቀኙ ነው፣ ድስቱ ጉልበቱ አጠገብ ነው። ሴቶቹን ስንት ቀን ሙሉ ሲያጎብጥ የሰነበተው ወጥ ቤት ለእሱ እንደ ልብስ ልኩ ሆነ። የወንድሙ ሚስት ቆማ ታየዋለች።

«እትዬ፣ ጨው አቀብዪኝ።»

ከመደርደሪያው ብልቃጦቹን ቃኘች። ሁሉም በጨርቅ ክዳን ታስረዋል፤ ጨርቁ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ ተሰፍቷል። «የትኛው ነው?»

«አንድ ቁልፍ ያለበት።»

«ለጌጥ መስሎኝ ነበር። ይሄ ሁለት ያለበትስ?»

«ስኳር።»

ብልቃጡን ይዛ ቀረች። የቁልፎቹን ጀርባ በአውራ ጣቷ ዳሰሰች። ከዚያ ዓይኗን ጨፈነችና ሌላውን ዳሰሰች፤ ከሱ ቀጥሎ ያለውንም። ዓይኗን ስትገልጥ ፊቷ ሌላ ሆኖ ነበር። ወደ ሴቶቹ ዞራ «እስኪ ውጡና እንግዳ አስተናግዱ» አለቻቸው። ወጡ።

«እማማ አታይም ነበር» አለች ቀስ ብላ።

ማማሰያው ቆመ። መልሶ መዞር ጀመረ።

«የልጄን ፎቶ ልኬ ‹አየሽው?› ስላት፣ ‹አየሁት፤ አፍንጫዋ ያንቺ፣ ግንባሯ የአባቷ› ትለኝ ነበር። ማን ነው የነገራት?»

ምስሩ ተንተከተከ።

«ለምን አትናገርም? ለወንድምህ አሁን ብትነግረው በቃ እኮ ነው። ያስተዳደርካት አንተ ነህ!»

«ምያለሁ» አለ ድስቱን እያየ።

«ለማን?»

«ጨውን አቀብዪኝ፣ እትዬ።»

አቀበለችው። ከዚያ ባልተለመደ ሁኔታ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፤ ጉልበቷን አቅፋ፣ በሽንኩርቱ አሳብባ፣ አለቀሰች። ለአማቷ ያለቀሰችው ከሁሉም ቀን በላይ ያን ቀን ነው።

*

ምሳው ከወጣ በኋላ ሰዓት ሠሪው አልጋው ላይ በሆዱ ተኛ፤ ቁስሉ እንዲተነፍስ። ለቀስተኛውንም በዚያው ተቀበለ፣ አገጩን ትራሱ ላይ አድርጎ። «ሐዘን ደፋው» አለች ሬዲዮ። አጎትየው አላስቻላቸውም። «ዝም በይ አንቺ! ጥገና ላይ ነው!»

ወንድሙ ገባ። ቆሞ ሊያወራው ሞከረ፤ የሚታየው ማጅራቱ ብቻ ነው። አጎነበሰ፤ አልሆነም። መጨረሻ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ያኔ ፊት ለፊት ተያዩ። ሚስቱ በሩን ተደግፋ ቆማለች።

«ምስሩን በላሁ» አለ ወንድሙ።

«እሺ።»

«የእናቴን የመሰለ ነው።» ወደ በሩ ዞር አለ። «እሷ… እሷ ነግራኛለች» አለ፣ ወደ ሚስቱ በአገጩ እያሳየ። «እዚያ ወጥ ቤት እናታችን አታበስልም ነበር አለችኝ።»

ሰዓት ሠሪው ወደ ሴትየዋ ቀና አለ። ሴትየዋ ዓይኑን በዓይኗ ይዛ ተናገረች። «እናትህ ቁመቷ ምሰሶ ነው አልኩት። ያ ወጥ ቤት የሷ ልክ አይደለም። እሷ ትሰፋለች፣ አንተ ታበስላለህ። ሌላ ምን አለ?» ሌላ አልጨመረችም። እንደማትጨምርም ገባው።

«በመጣሁ ቁጥር ‹የናቴ እጅ› እያልኩ የምልሰው ምስር…»

«የኔ ነው። አንዳንዴ ጨው ታበዛለህ ትለኝ ነበር።»

ወንድሙ ሳቀና ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረ። ግንባሩን የአልጋው ጠርዝ ላይ አደረገ። ድምፁ ፍራሹ ውስጥ እየሰመጠ፣ «ወደ ግራ ያልኩህ እኔ ነኝ» አለ።

ሰዓት ሠሪው እጁን ሰዶ የወንድሙን ማጅራት ያዘ። «ጋሼ፣ ወደ ግራ ያልከው አንቴናውን ነው። ያንሸራተተኝ ቆርቆሮው ነው። ለዚያ ብለህ ፎቅ ላይ አትስቀለኝ።»

«ብትወድቅስ? ብትቆስልስ?»

«እወድቃለሁ። እነሳለሁ፤ ዛሬ አላየህም? ስናፍቅህ ደውልልኝ። ስትመጣ ግን ምሳ አለህ።»

ወንድሙ እዚያው ወለሉ ላይ እንዳለ ስልኩን አውጥቶ ለባለ መኪናው ደወለና ቀርቷል አለው።

*

ለቅሶው አበቃ። ሸራው ተጠቀለለ፣ የተውሶ ወንበር ተመለሰ። ቀዩ ምልክት ጠፍቶ ሰዓት ሠሪው ወደ ዊልቸሩ እስኪመለስ ወንድሙና ሚስቱ ሰነበቱ። የወንድሙ ሚስት ከመሄዷ በፊት ብልቃጦቹን አጥባ አንድ በአንድ ወደ ቦታቸው መለሰች፤ ቁልፎቹን አልፈታችም። አጎትየው ደግሞ ፍሬኑን አጥብቀው፣ ዘይት ቀብተው፣ «አሁን ቁልቁለትም አያስፈራህ» ብለው ነበር የሄዱት።

ወንድሙ ሊወጣ ሲል በልማድ ከዊልቸሩ ኋላ ቆሞ መግፊያውን ያዘ። መልሶ ለቀቀ።

«ልግፋህ?»

«አትግፋኝ። አብረኸኝ ሂድ።»

እስከ ውጪው በር ጎን ለጎን ሄዱ።

ተመልሶ ሲገባ ቤቱ ዝም ብሏል። የስፌት መኪናውን ወደ ቦታው፣ ወደ በሩ በኩል አስጠግቶ ነጩን ጨርቅ አነሳ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ሄዶ ስትጠብቀው የቆየችውን የደንበኛ ሰዓት ፈታ፤ አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አደረገና አጎነበሰ። የሰዓቷን መዘውር ጥርስ አጸዳ፣ ሽቦዋን አላቀቀ። ሥራው ወሰደው። ጥላው ከጠረጴዛው ጫፍ እስከ ጫፍ ሲሄድ እንኳ አላወቀም።

ድንገት እጁ ቆመ። አንድ ነገር ጎደለው። ጆሮውን ሰጠ፤ ከሰዓቶቹ በቀር ምንም የለም።

«ክር!» አለ፣ ጮክ ብሎ፣ በእሷ ቃና።

መዳፎቹን ጎማዎቹ ላይ ተክሎ ክንዱን አቀና። ከፍ አለ። እስኪበቃው ቆየ፤ ከበቃውም በኋላ ትንሽ ጨመረ። ዝቅ ሲል ወደ ሰዓቱ አልተመለሰም። ዊልቸሩን አዙሮ ወደ ስፌት መኪናው ሄደ፣ የታችኛውን ክር ሞልቶ አጠነጠነና ቦታው አስገባላት።